አሥራ አንድ ሚሊሰከንድ

የሥራ ትእዛዙ አጭር ነበር። «ለጌም የሚሆን ራውተር። ፍጥነቱ ቀርፋፋ። ደንበኛዋ አዛውንት ስለሆኑ በትዕግሥት ይስተናገዱ።» ቴክኒሻኗ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ሆና ሁለት ጊዜ አነበበችው። አድራሻውን ግን አንዴ ብቻ ነው ያየችው፤ ደግሞ ማየት አላስፈለጋትም። ያንን በር በጨለማም ቢሆን አታጣውም።

አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰፈር ጥሪ በመጣ ቁጥር ለባልደረቦቿ ስታሳልፍ ኖራለች። «ዳገቱ ለጉልበቴ አይስማማኝም» እያለች ትቀልድ ነበር፤ መሰላል ተሸክማ ጣራ ለጣራ የምትውል ሴት ዳገት ስትፈራ እነሱም ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ታሟል፣ ሌላው ፈቃድ ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ አራት ቤት ጨርሳለች። ትከሻዋ ዝሏል፣ ምሳ የበላችው መሪ ይዛ ነው። ሄዳ ሠርታ ትመለሳለች፣ በቃ። ልቧን እንዲህ አድርጋ አሳመነችና የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደወሉን ተጫነች።

የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት መርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላቸው። ድሮ ሲራመዱ ማስመሪያ የዋጡ ይመስሉ ነበር። አሁን ቀኝ እጃቸው ምርኩዝ ይዟል፣ ግራው ደረታቸው ላይ ተሰብስቦ እንደ ታመመ ወፍ ተኝቷል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ከኢንተርኔት ድርጅቱ ተልኬ ነው። ካልፈለጉ ለነገ ሌላ ሰው አስልክልዎታለሁ።»

ዳይሬክተሯ ትንሽ አሰቡና ከበሩ ገለል አሉ። «ግቢ። እኔም ነገን የምጠብቅበት አቅም የለኝም።»

ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በሌላ በር፣ በድርጅቱ አጥር ሥር ነበር። ያን ጊዜ ቴክኒሻኗ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የዳይሬክተሯን አንድ ልጅ፣ መሐንዲሱን፣ ነፍሷን እስክትስት ትወደው ነበር። እሱም ይወዳት ነበር። ባሕር ማዶ ትልቅ ሥራ አግኝቶ ሳለ «ጠብቀኝ በይኝና እጠብቃለሁ፣ ቅር በይኝና እቀራለሁ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈላት። መልሱን ከመጻፏ በፊት እናቱ መጡ። አልጮኹባትም፣ አልሰደቧትም፤ ቢሰድቧት በቀለላት። «ሥራሽን ንቄ አይደለም» አሏት በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። «ግን ብቻዬን ያሳደግሁት ልጅ ነው። ‹ቅር› ካልሽው ይቀራል። መሰላል ይዞልሽ ሲዞር እንዲያረጅ ትፈልጊያለሽ? ‹ሂድ› በዪው።»

በዚያው ቀን ሦስት መስመር ጻፈች። ሌላ ሰው አለኝ። ሂድ። አትጻፍልኝ። ሌላ ሰው የሚባል አልነበረም፤ በሳምንቱ መሐንዲሱ ሄደ። መልስም አልጻፈ። የሰላሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆና ዛሬ የዚያን ሰው ቤት ደፍ ስትሻገር የተሰማት ቁጣ አልነበረም። ቁጣዋ ከብዙ ጊዜ በፊት አልቆ፣ ቦታው ላይ የቀረው ድካም ብቻ ነበር።

ሳሎኑ እንደ ድሮው ነው፤ የሶፋው ልብስ በወግ ተወጥሯል፣ የመስታወት ቁምሳጥኑ በትምህርት ቤት ዋንጫ ተሞልቷል። አዲስ ነገር ቢኖር ትልቁ ስክሪንና ከዋንጫዎቹ መካከል የተቀመጠው፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። ስድስት አንቴና ያለው፣ ጥቁር፣ በጀርባው የተገለበጠ ሸረሪት የሚመስል።

«ልጄ ነው የላከልኝ» አሉ ዳይሬክተሯ እየተቀመጡ። «ከሁለት ዓመት በፊት ይኼ ግራ እጄ አንድ ቀን ጠዋት ተወኝ። ሐኪሙ ጣቶችሽን አሠሪ፣ ኳስ ጭመቂ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ ኳስ ስጨምቅ ልውል? ተውኩት። ልጄ ሲሰማ ይኼን ሁሉ ኮተት ላከና በስልክ እያስረዳ ጎረቤት አስገጠመልኝ።»

ጨዋታው የጀልባ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ በበዛበት ወንዝ ይቀዝፋል፤ ግራውን እሳቸው፣ ቀኙን ልጃቸው። አንደኛው ከዘገየ ጀልባው ይዞርና ከድንጋይ ይላተማል። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ። ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም።

«ሰባት ወንዝ ጨርሰናል» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ የድሮዋ ዳይሬክተር ብቅ አለች። «ጣቴም መለስ ብሎልኝ ነበር። ቁልፍ መቆለፍ ጀምሬ ነበር እኮ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን እጫናለሁ፣ መቅዘፊያው አይመጣም። ከተላተምን በኋላ ይመጣል። ልጄ ‹መስመሩ ነው፣ ድርጅቱ ጋ ደውዪ› ይለኛል። ያጽናናኛል መሰለኝ።»

ግራ እጃቸውን በቀኙ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አሏት ዝግ ብለው። «መስመሩ ከሆነ መስመሩ ነው በይኝ። እጄ ከሆነም እጄ ነው በይኝ። እንዳይከፋኝ ብለሽ አትዋሺኝ። ማታ ማታ ስተኛ ጠዋት ደግሞ ምኔ አልታዘዝ ይለኛል እያልኩ ደክሞኛል።»

ቴክኒሻኗ እኚህን ሴትዮ አምስት ዓመት ስታስባቸው አንድ ቀን እንኳ ሲፈሩ አስባቸው አታውቅም። ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ያዘነችላቸው መሆኗን ፊቷ ላይ እንዳያነቡባት ነበር።

ሥራው ሲጀመር መልካም ዜና አልነበረም። ላፕቶፗን በቀጥታ ከገባው መስመር ጋር አገናኝታ ስትለካ ፍጥነቱ ሙሉ ነው። ደግማ ለካች፤ ያው። ዳይሬክተሯ ከሶፋው ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል።

«መስመሩ ደህና ነው፣ አይደል?» አሉ።

«እስከ ቤቱ የሚመጣው ደህና ነው፣ እማማ። አልዋሽዎትም። ግን ገና ነኝ።»

ራውተሩን ከቁምሳጥኑ አወጣች። «ይኼን ሁሉ ዋንጫና መስታወት ዙሪያውን ደርድረውበት በምን ይተንፍስ?» አለች፤ ዳይሬክተሯ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ጠረጴዛ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። በአየር ይገናኝ የነበረውን የጌም ሣጥን ከራውተሩ ጋር በገመድ አያያዘችው። የበሩን ካሜራ አጠፋች፣ ስልኩን ከዋይፋይ አወጣች፣ የተጣመመውን ገመድ በአዲስ ቀየረች። ከዚያ በእጅ የሚያዘውን ማጫወቻ እጃቸው ላይ አኑራ «እስቲ ይሞክሩት» አለቻቸው። ጨዋታው ለብቻ መለማመጃም አለው፤ እሱም በኢንተርኔት በኩል ነው የሚያልፈው።

ዳይሬክተሯ ከንፈራቸውን ነክሰው ተጫኑ። መቅዘፊያው ዝም አለ። ጀልባው ሲዞር፣ ድንጋዩን ሲገጭ፣ ያኔ መቅዘፊያው ተነሣ። አሮጊቷ ማጫወቻውን አስቀመጡት። በዓይናቸው ውስጥ የሐኪም ቤት ኮሪደር፣ የማይነሣ እጅ፣ የሰው እጅ መጠበቅ ሁሉም ነበር።

ቴክኒሻኗ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠችና ማጫወቻውን በራሷ እጅ ያዘችው። ተጫነች። መቅዘፊያው አልተነሣም። ጀልባው ዞረ፣ ተላተመ፣ ከዚያ ተነሣ። ደግማ ተጫነች፤ ያው ነው።

«እማማ» አለች። «የእኔ እጅ ጤነኛ ነው፣ አይደል? ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲጎትት የሚውል እጅ ነው። ይኸው የእኔም ዘገየ።»

«እንደገና አሳዪኝ» አሉ።

እንደገና አሳየቻቸው። ሦስተኛም፣ አራተኛም። ዳይሬክተሯ ጀልባው በተላተመ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በአምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው በሻሽ ጫፍ ያብሱት ጀመር። ንጹሕ መነጽር ለረጅም ጊዜ አበሱ። ቴክኒሻኗም ወደ መስኮቱ ዞራ ጠበቀቻቸው።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስክሪኑ ድምፅ ወጣ።

«እማዬ፣ መጥቻለሁ። አለሽ?»

ያ ድምፅ ትንሽ ሻክሯል እንጂ እሱው ነው። ቴክኒሻኗ እጇ ላይ የነበረውን ገመድ ስትጠመጥም ቆማ ቀረች። ዳይሬክተሯ አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረው «አለሁ፣ ልጄ። ዛሬ የድርጅቱ ሰው መጥቶልኛል። ትንሽ ታገሠን» አሉ። ማን እንደመጣ አልተናገሩም።

አሁን የቀረው የራውተሩን ቅንብር ማየት ነው። ቴክኒሻኗ ገጹን ላፕቶፗ ላይ ከፈተችው። እንዲህ ያለው ራውተር ካርታ አለው፤ ቤቱ የት እንዳለ፣ ጨዋታው በየትኛው ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍ፣ አብሮ የሚጫወተውም ሰው በግምት የት እንዳለ በነጥብ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ቁጥር አለ፤ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ሩቅ፣ ትንሽ ከሆነ ቅርብ።

ችግሩን ወዲያው አየችው። «እማማ፣ ሰርቨር ማለት የጨዋታው ዳኛ ነው ይበሉት» አለች፤ ለእሱም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በሥራ ቃና። «የእርስዎም የልጅዎም ቀዘፋ መጀመሪያ ዳኛው ጋ ይደርሳል። ልጅዎ ሩቅ ስለሆነ፣ ራውተሩ መሃል መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ብቻ እንዲጠቀም ተደርጎ ተዘጋጅቷል። የቅርቦቹን እንዳይነካ ተከልክሏል። ያ የመሃሉ ሰርቨር ከሦስት ሳምንት በፊት ተዘግቷል። ራውተሩ የቅርቡን ስለተከለከለ ዘሎ የባሰ ሩቅ ያለውን መረጠ። መቅዘፊያውን ያዘገየው ይኼ ነው። እጅዎ አይደለም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ ሌላኛው ነጥብ ላይ አረፈ። አብሮ የሚጫወተው ሰው ነጥብ። ባሕር ማዶ መሆን የነበረበት ነጥብ ከቤቱ ምልክት አጠገብ፣ ሊነባበሩ ምንም ያህል ሳይቀራቸው ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ያለው ቁጥር አሥራ አንድ ይላል። ስህተት መሰላት። ገጹን ዘግታ ከፈተችው። አሥራ አንድ።

ከባሕር ማዶ አሥራ አንድ አይመጣም። አሥራ አንድ ከሁለት ሰፈር ወዲያ ነው የሚመጣው።

«ይቅርታ» አለች ወደ ስክሪኑ። «በእርስዎ በኩል ወደ ሰርቨሩ የሚያሳየው ቁጥር ስንት ነው?»

ዝምታ ሆነ። ይህኛውን ዝምታ ያመጣው የመስመሩ መዘግየት አልነበረም።

«ማነው የሚያናግረኝ?» አለ ድምፁ።

«ቴክኒሻኗ ነኝ።»

ከስክሪኑ ቁልፍ ሲጫን ተሰማ።

«ሦስት መቶ አካባቢ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ተቀይሯል።

«በእናትዎም በኩል ሦስት መቶ ነው። ሁለታችሁም ከሰርቨሩ እኩል ርቃችኋል።» ቆም አለች። ዳይሬክተሯ ቁጥር ሲጠራ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ትርጉሙ አልገባቸውም። «በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ያለው ግን አሥራ አንድ ነው የሚያሳየኝ።»

«አሥራ አንድ» አለ።

«መሣሪያው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል» አለች። መውጫ ስትሰጠው ነው፤ ያን ያህል አሁንም አንጀቷ ይራራለታል።

«አልተሳሳተም።»

ገመዱ እጇ ላይ ተጠምጥሞ ጣቶቿን አስሯቸዋል። እዚህ ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ሰፈር ወዲያ ተቀምጦ፣ ከእናቱ ጋር በባሕር ማዶ ዞሮ በሚመለስ ጀልባ ይጫወታል።

«እንግዲያው ሰርቨሩን ወደ ቅርቡ ልቀይረው?» አለች። «ቅንብሩን ያዘጋጁት እርስዎ ስለሆኑ ሳልጠይቅዎ አልነካውም። ከቀየርኩት ጨዋታው ይፈጥናል። እናትዎ ልዩነቱን ያዩታል። ያስቡበት።»

የምትለውን እንደሚረዳ ታውቃለች። የሚለውንም ጠበቀች። ጀልባው ስክሪኑ ላይ እንደቆመ፣ ውሃው ዝም ብሎ በሥሩ ያልፋል።

«ቀይሪው» አለ። አንቱ ሳይላት፣ እንደ ድሮው፣ ለእሷ።

ቀየረችው። ከዚያ ወደኋላ ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ የደከማት ለመምሰል ብዙ አላስፈለጋትም።

ዳይሬክተሯ ተጫኑ፣ መቅዘፊያው ተነሣ። ተጫኑ፣ ተነሣ። ጣታቸውና እንጨቱ አንድ ሆኑ። ጀልባው በመጀመሪያው ድንጋይ ጎን ሾለከ፣ በሁለተኛው፣ ውሃው እየጠበበ በሚሄድበት ሦስተኛ ላይም። «ግራ፣ እማዬ» ይላል ልጃቸው፤ «አውቃለሁ፣ አንተ ቀኝህን ጠብቅ» ይሉታል። ፊታቸው ወዛ። አሥር ዓመት ቀንሰው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ያንን ሲያሸንፋቸው የከረመ ወንዝ እስከ መጨረሻው ቀዘፉት።

ከዚያ ማጫወቻውን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ፈገግታቸው ሳይጠፋ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ።

«ማክሰኞ ዕለት» አሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ነጎድጓዱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አንዱን በመስኮት፣ አንዱን ከዚህ ስክሪን። ጆሮዬም እጄን ሊከተል ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።» ወደ ቴክኒሻኗ ዞሩ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። «አንቺን አልጠይቅሽም። ቃልሽን ጠብቀሽልኛል፣ በቂ ነው።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ። «ልጄ፣ የት ነህ?»

መልስ የለም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆች ሲዋሹኝ ሰምቻለሁ። የዝምታቸውን ዓይነት ለይቼ አውቃለሁ። የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እማዬ።» ድምፁ ተሰበረ። «ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። እዚያ የሄድኩበት ሥራ ከፈረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንቺ ለሰው ሁሉ ዋና መሐንዲስ ሆኗል ትያለሽ። በአንድ ቦርሳ በሩ ላይ ብቆም ምን ትያለሽ? ዛሬ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ እያልኩ… ከአንድ ጌም ቤት ሆኜ ነው የማናግርሽ።»

ቴክኒሻኗ አሁን ሴትዮዋ ይፈርሳሉ ብላ ፈራች። ዳይሬክተሯ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ና።»

መሣሪያዋን ሰብስባ ልትወጣ ስትል ምርኩዙ መንገዷ ላይ ተዘረጋ።

«ተቀመጪ» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ገና አንድ ቤት ይቀረኛል፣ እማማ። ደግሞ ይኼ የእናትና የልጅ ነገር ነው።»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽለት አውቃለሁ። የሄደ ዕለት ደብዳቤውን እዚያ ወንበር ላይ ጥሎት ነው የሄደው።» ትንሽ ተነፈሱ። «እኔ ‹ሂድ በዪው› አልኩሽ እንጂ ‹ሌላ ሰው አለኝ በዪው› አላልኩሽም።»

«እኔ ‹ሂድ› ብቻ ብለው ኖሮ አይሄድም ነበር።»

«አዎ። አይሄድም ነበር።» ዳይሬክተሯ ግራ እጃቸውን አዩት። «ያን ጊዜውኑ ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። አንድ ቃል ብነግረው ከመንገድ ይመለስ ነበር። አልነገርኩትም። ይቅርታ ማለት አልለመድኩም፣ ልጄ፤ ተማሪዎቼን ነበር የማስለምነው። እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም።»

ቴክኒሻኗ ስንት ጊዜ ይህችን ሰዓት በሐሳቧ አዘጋጅታ ነበር። የምትለው ሁሉ ተደርድሮ ነበር። አሁን ሲመጣ አንዱም አልተገኘ። «እኔም ጽፌዋለሁ» አለች ብቻ። «እጄን ይዞ ያስጻፈኝ የለም።»

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሩን አዳመጡ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሲገባ መጀመሪያ ያየችው ትከሻውን ነው፤ ጎብጧል። ከስቷል፣ ጸጉሩ ጆሮው ላይ ነጭ ጣል ጣል አድርጓል፣ ጫማው የሕንፃ አቧራ ለብሷል። እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ግራ እጃቸውን ያዘና ግንባሩን አሳረፈበት። ዳይሬክተሯም በዚያው ግራ እጅ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ እያሉ ጸጉሩን ዳሰሱት። ማንም አላለቀሰም፤ ሁሉም የደከማቸው ሰዎች ነበሩ።

ቴክኒሻኗ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የዳይሬክተሯ ድምፅ ግን ከኋላዋ ደረሰባት። «ያ ደብዳቤ ውሸት ነበር» ይሉታል። «እኔ ነኝ ሄጄ የለመንኳት። አውቄ ነው የደበቅሁህ። እሷን ተከተላት፣ ምግቡ ይቆያል።»

ከመኪናዋ አጠገብ ደረሰባት። በዚያ የከሰዓት ፀሐይ ተፋጠው ቆሙ፤ አምስት ዓመት በመካከላቸው።

«እኔ እንደምመጣ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም። አንቺ አግብተሽ፣ ወልደሽ ነው የማስብሽ።» አቧራማ ጫማውን አየ። «ቁጥሩን አንብቦ የሚገባው ሰው እንዲመጣ ፈልጌ ነበር። ማንም ይሁን። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ሌላ ሰው እንዲያገኘኝ ነው ‹ደውዪ› ያልኳት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እጃቸው የሞተ መስሏቸው ነበር። ማታ ማታ ሲፈሩ ነው የከረሙት። ያንን ታውቃለህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። አላወቀም ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ እዚያው ቁጭ አለ። እሷም ቁጣዋን ልትጨርስ ፈልጋ ነበር፤ ግን እንዲያ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ስታየው አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሌላ ሰው አልነበረም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልነበረም።»

«ከዚያስ ወዲህ?»

«አንተ መልስ ሳትጽፍልኝ ሄደህ አሁን ይኼን ትጠይቀኛለህ?» ወደ እሱ ዞረች። «አንድ ጊዜ መጥተህ ‹ማነው ሰውዬው› ብትለኝ ስም እንኳ አልነበረኝም እኮ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሱንም አልጠየቅኸኝም።»

«ፈራሁ። ስሙን እንዳትነግሪኝ ፈራሁ።» እጁን ወደ እጇ አስጠጋና መሃል መንገድ ላይ ተወው። «ያኔም ፈራሁ፣ እናቴ በር ላይም ፈራሁ። ኑሮዬን ሁሉ ስፈራ ነው የደከመኝ። ምንም የምሰጥሽ ነገር የለኝም። የአንድ ትንሽ ሕንፃ ሥራ እቆጣጠራለሁ፣ የተከራየሁት ክፍል አልጋና ወንበር አይይዝም።»

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ቢሮ ነው፣ የቀረው ቤት እየጠበቀ ነው። አየችውና መልሳ ከተተችው። ልትተወውም፣ ልታቅፈውም፣ ልትመታውም የሚያስችል ጉልበት አልነበራትም። የሚያስፈልጋት ነገር ቢኖር እንዲህ አጠገቡ ትንሽ መቀመጥ ነበር፤ ይህን ለራሷ ስታምን ዓይኗ ሞላ።

«ዛሬ መልስ አልሰጥህም» አለች በመጨረሻ፣ ተነሥታ ልብሷን እያራገፈች። «ግባና ከእናትህ ጋር ብላ። ያለህበትን ሁሉ ንገራቸው፣ አንድም ሳታስቀር።»

«አንቺስ?»

የመኪናውን በር ከፈተች፣ ገባች፣ ሞተሩን አስነሣች። ከዚያ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ ፊት ለፊት መንገዱን እያየች ተናገረች።

«ነገ ከሥራ የምወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። ቁልቁለቱን ስትወርድ እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ለሰው ከነገረች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ የሚጠብቃት ስላልነበረ ማንም ጠይቋት አያውቅም።